ዘጠነኛው እትም እና የወንድሜ ፍጹም ቅጣት ምት

ሪሲቨር ከፍቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሰው ልጅ ንጽህና ባያወራ ደስ ይለኛል። በተለይ መቅጃ ያለውን ሪሲቨር። ሃርድ ዲስኩ ቀን ከሌት ስለሚዞር ሳጥኑ ይሞቃል፤ በረሮ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ክዳኑ ሲፈታ መጀመሪያ ሽታ ይወጣል፣ ቀጥሎ እግር። "ጫማችሁን አውልቁ" የሚሉ፣ ሶፋቸውን ነጭ ጨርቅ የሚያለብሱ ሰዎች ሳጥን ውስጥ በረሮ ከነልጅ ልጁ ተኮልኩሎ አግኝቻለሁ። እኔ ይህን በብሩሽና በአልኮል እየጠረግሁ የምኖር ጠጋኝ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼም አልለመድኩትም።

ከጥገናው ሌላ ደግሞ ማንም የማይከፍለኝ ሥራ ነበረኝ። የአንደኛው ዓይነት መቅጃ አምራች ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ሳጥኖቹ ግን በየሰዉ ሳሎን ቀሩ፤ ሶፍትዌራቸው አርጅቶ ሰዓት ይስታሉ፣ ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ መቅዳት ይጀምራሉ። ከሁሉ የሚያናድደው፣ የቀዱትን እዚያው ቆልፈው ይይዙታል። በገዛ ቤትህ የቀዳኸውን ወደ ፍላሽ አውጥተህ ሌላ ቦታ ልታየው አትችልም። ስለዚህ አምስት ሆነን በገዛ ፈቃዳችን አዲስ ሶፍትዌር እንጽፍላቸው ጀመር። ሰዎች ከገጻችን ላይ ያወርዱታል፣ በፍላሽ አድርገው ሳጥኑ ጀርባ ይሰኩታል፣ ሳጥኑ ነፍስ ዘርቶ ይነሳል። እንደ ጽድቅ ሥራ ነበር የምቆጥረው።

መሪያችን መምህሩ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ጭንቅላቱን አልክድም፤ ሌላውን ግን አትጠይቁኝ። የአውራ ጣቱን ጥፍር "ለሳጥን መክፈቻ" ብሎ አሳድጎታል፤ በዚያው ጥፍር ጆሮውን ይጠርግበታል። እሁድ እሁድ ከሰዓት የምንሰበሰበው እሱ ቤት፣ ላስቲክ በለበሰው የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ገለባውን በተፈታ ክዳን ላይ እንትፍ ይላል። ምራቅ ያረጠበው ገለባ ሰርኪዩት ላይ ተለጥፎ ስንት ጊዜ በወረንጦ ለቅሜያለሁ። ከአምስታችን አንዷ የሆነችው ነርስም አብራን ነበረች፤ እጇን በቀን መቶ ጊዜ የምትታጠብ ሴት እንዴት እንደምትችለው እንጃ። የቀሩት ሁለቱ ሌላ ከተማ ስለሆኑ በጽሑፍ ብቻ ነበር የምናውቃቸው።

አንድ ደንብ ነበረን፤ ስሙን "ሦስት አፍንጫ" እንለዋለን። የሶፍትዌሩ አዲስ እትም ለሰው ከመውጣቱ በፊት መምህሩ፣ ነርሷና እኔ በየቤታችን ሳጥን ላይ ጭነን አንድ ሳምንት አብረነው እንኖራለን። ከዚያ ገጹ ላይ "አሽትቻለሁ፣ አይሸትም" ብለን እንፈርማለን። ሦስት ፊርማ ካልሞላ አይወጣም። በዚህ ደንብ ስንኮራ ለጉድ ነበር። ደመወዝ የሚበሉት እንኳን እንዲህ አይጠነቀቁም እንባባል ነበር።

ዘጠነኛው እትም የተቀዳውን ወደ ፍላሽ የሚያወጣው ነው። ሁለት ዓመት ለፍተንበታል። ሦስታችንም አሸተትን፣ ሦስታችንም ፈረምን፣ ወጣ።

ይህን እትም ከማንም በላይ የጠበቀው ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ደግሞ ልጅ ሳለሁ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየፈታሁ ስላስቸገርኩ "ብሎን" ብሎ ስም አወጣልኝ፤ ይኸው አርባ ልደፍን ነው፣ ዛሬም ብሎን ነኝ። በሥራ ቀን ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜና እሁድ የእግር ኳስ ዳኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፊሽካ ነፍቷል። ትልቅ ሜዳ አልደረሰም፤ የታችኛው ዲቪዚዮን ጭቃ ላይ ሲሮጥ ነው ጉልበቱ ያለቀው። ግን ሱሪ ሲለካም ኳስ ሲዳኝም ያው ነው፤ ግማሽ ጣት ለማንም አይለቅም።

በዚያ ወር ስሙን ጭቃ ቀቡት። በመጨረሻዋ ደቂቃ በሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት አንድ ቡድን ከዲቪዚዮኑ ወረደ። የወረደው ቡድን "ኳሷ እጅ አልነካችም፣ ሆን ብሎ ነው የሰጠው" ብሎ ከሰሰው። ጥፋተኛ ከተባለ ፊሽካውን ዕድሜ ልኩን ያስረክባል። ጨዋታውን ያስተላለፈው አንድ ትንሽ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ እሱም በየወሩ በላዩ ላይ ስለሚቀዳበት አሁን የለውም። ያለው ጋሼ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው መቅጃ ውስጥ ነው። አብረን አየነው። ከግቡ ኋላ የቆመው ካሜራ ተከላካዩ ክንዱን ዘርግቶ ኳሷን ሲመልሳት ጥርት አድርጎ ያሳያል። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

"በስልኬ ከቴሌቪዥኑ ላይ ልቅረጸውና ልውሰድላቸው" አለ ጋሼ።

"አንተ ሰውዬ! እኔ እያለሁ?" አልኩት። "የሚንቀጠቀጥ፣ የመስኮት ብርሃን የሚያንጸባርቅበት ቪዲዮ ይዘህ ልትቀርብ? ሙያዬን ልታሰድበኝ ነው እንዴ? ዋናውን፣ ጥርት ያለውን አወጣልሃለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ ብሎኔ?"

"ሦስት አፍንጫ አሽትቶታል።"

ጋሼ ይህን ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚሰበሰበው አርብ ነው። እኔ ሰኞ ከሰዓት ሥራዬን ቀደም ብዬ ዘግቼ ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑን ገልብጬ አየሁት፤ የፋብሪካው ተለጣፊ ወረቀት ብሎኑ ላይ እንዳለ ነው። ከዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሳጥኑን ያላስነካኝ ጋሼ ብቻ ነው፤ የሚሠራ ዕቃ ለምን ይፈታል ባይ ነው። ፍላሹን ሰካሁ። ጋሼ ሻይ ሊጥድ ወደ ኩሽና ገባ። ሳጥኑ ጠፍቶ በራ፣ ስክሪኑ ላይም ጽሑፍ መጣ። "አዲስ ዲስክ ተገኝቷል። በማዘጋጀት ላይ።"

የምን አዲስ ዲስክ? ሳጥኑ ከተገዛ ጀምሮ እዚያው ያለ ዲስክ ነው። ዘልዬ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። መልሼ ስሰካው "ዲስኩ ዝግጁ ነው። የተቀዳ፦ 0" አለኝ። ሙልጭ ብሏል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ገባኝ። ዘጠነኛው እትም የማያውቀውን ዲስክ ሲያገኝ አዲስ ነው ብሎ ይጠርገዋል። ከፋብሪካ የወጣውን ዲስክ ደግሞ አያውቀውም። ሦስቱ አፍንጫዎች እንዴት አላሸተቱም? ምክንያቱም ሦስታችንም ሳጥናችንን ፈትተን በራሳችን ሶፍትዌር የተዘጋጀ ትልቅ ዲስክ ከቀየርንበት ዓመታት አልፈዋል። ለዚያ ሳጥን ብለን ያበድን ሰዎች፣ ከመካከላችን ሳጥኑ እንደተገዛ የቀረለት አንድም ሰው አልነበረም። እንደ ሰው የሚኖር ሰው ቤት ያለውን አላሸተትንም። ስናሸት የከረምነው የገዛ ጠረናችንን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ትዝ ሲለኝ አፌ ውስጥ መራራ ነገር መጣ። ወደ ገጻችን የሚላኩ ቅሬታዎች የሚደርሱት ለእኔ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጽፎልኝ ነበር። "ዘጠነኛውን ከጫንኩ በኋላ የስድስት ዓመት ቅጂዬ ሁሉ ጠፋ። ሳጥኔ እንደተገዛ ነው፣ ተከፍቶ አያውቅም። ምናልባት ምክንያቱ እሱ ይሆን?" ሰውዬው በሽታውን አግኝቶ፣ ጣቱን አስቀምጦበት ነው የጻፈልኝ። እኔ ደግሞ አላመንኩትም። የመለስኩለትን አሁን መድገም ያስጠላኛል። ብቻ መለስኩለት፣ ከሥሩ "ተዘግቷል" ብዬ ጻፍኩ፣ ረሳሁት።

ጋሼ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሲመጣ እያለቀስኩ አገኘኝ። ቴሌቪዥኑን አየ፤ እኔን አየ። ብርጭቆዎቹን ቀስ ብሎ አስቀምጦ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"አይዞሽ ብሎኔ" አለኝ። "ማሽን አይደል? አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው።"

ከሻዩ ፉት አልኩለት።

ማክሰኞ ዲስኩን ጥገና ቤት ወስጄ ያለ የሌለ ዘዴዬን ሞከርኩ። የጨዋታው ስብርባሪ እዚያው አለ፤ ግን ሁሉም የተቆለፈ ነው፣ ከሁሉ በፊት የተጠረገው ደግሞ መክፈቻው ነበር። ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለ። "በልተሻል?" አለኝ። ዲስኩን ሳይሆን ሆዴን ነው የጠየቀኝ። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጫፉ የተተረተረውን የሥራ ካፖርቴን ሰፍቶ ጥገና ቤት ድረስ አመጣልኝ። "ቀለል አድርጊው፣ እኔ ለራሴ አላንስም" ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት መምህሩ ቤት ሄድኩ። ሰኞ ዕለት በስልክ ነግሬው ስለነበር የምፈልገውን ያውቃል። ኮሚቴው ፊት የሚቀርብ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው፤ "ዘጠነኛው እትም ያልተቀየረ ዲስክ ይጠርጋል፣ ጥፋቱ የእኛ ነው" የሚል። ሱፉን እየፈለቀቀ ቁጭ ብሏል።

"አውርጄዋለሁ፣ አትጨነቂ" አለኝ።

"ምኑን?"

"እትሙን። ቅሬታውንም። ዘጠኝ ነጥብ አንድን ተካሁበት።"

ገጹን ከፍቼ አየሁ። "አነስተኛ ማሻሻያዎች ተደርገዋል" ይላል። ሌላ ምንም የለም። የስንቱን ሰው ቤት ሙልጭ አድርጎ የጠረገ ነገር፣ አነስተኛ ማሻሻያ!

"ስንት ሰው ነው ዘጠነኛውን ያወረደው?"

"ሦስት መቶ ገደማ። ቅሬታ ያቀረበ ግን የለም።"

"ያቀረበውን አጥፍተህበት!"

"ለስማችን ነው እኮ እህቴ። በነጻ ነው የምንሠራው፤ ማን ምን ይለናል? እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አልፈርምም። ወንድምሽም ሌላ ቅጂ መያዝ ነበረበት።" ይህን ሲል የታችኛው ከንፈሩ ላይ አንድ እርጥብ ገለባ ተለጥፎ ከቃሉ ጋር ይወዛወዛል። ዓይኔን ከገለባው ላይ ማንሳት አቃተኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንት እሁድ እንዳባከንኩ አሰብኩና ሊያስመልሰኝ ምንም አልቀረኝም።

"አፍንጫህን ላስ!" ብዬው ወጣሁ።

ነርሷ ጋ ስደውል "እኔ የለሁበትም፣ መምህሩ ያለው ይሁን" አለችኝ። እጇን መታጠብ ትወዳለች አላልኳችሁም?

ሐሙስ ጋሼ ልብስ ስፌት ቤቱ ጠራኝ። የአርቡን ኮቱን እየተኮሰ ነበር፤ ከጥቁር የዳኛ ልብሱ ሌላ ያለው ደህና ኮት እሱ ነው። እንቅልፍ እንዳልተኛ ያስታውቃል። ግን ያነሳው ነገር የእኔን ነው። "ፊትሽ ገርጥቷል። በራስሽ አትፍረጂ። ማንስ አስቀድሞ ያውቃል?" አለኝ። አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያልኩ የካውያውን እንፋሎት ሳይ ቆየሁ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ጋሼም ካውያውን አቁሞ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ማምሻውን የሰውዬውን ደብዳቤ ከኢሜይሌ ላይ አተምኩት። መምህሩ ከገጹ ቢያጠፋውም የእኔ ጋ ቀኑ ሳይቀር ተቀምጧል። ከወንድሜ በፊት ሌላ ሰው ቤት ይኸው መሆኑን ያሳያል። ከሥሩ ግን የእኔ መልስ አለ። መቀስ አንስቼ የታችኛውን ግማሽ ቆረጥኩትና ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

የፌዴሬሽኑ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፉ የእርጥብ ካልሲ ሽታ አለው፤ የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ዋንጫዎች አቧራ ጠጥተዋል። ሰብሳቢው ሆዱ ጠረጴዛው ላይ ያረፈ የድሮ ዳኛ ነው። በቀኙ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ በግራው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ መነጽራም ጸሐፊ ተቀምጠዋል። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"የተቀዳ ማስረጃ አለኝ ብለህ አመልክተህ ነበር። የታለ?" አለው ሰብሳቢው።

"ጠፋ" አለ ጋሼ።

"ማን አጠፋው?"

ጋሼ ወደ ኋላ አልዞረም። "እኔ። ስነካካው ጠፋብኝ።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ግማሽ ጣት የማይለቀው ወንድሜ፣ ለእኔ ብሎ ኮሚቴ ፊት ዋሸ።

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። የሚያስጠላ ፈገግታ ነው፤ የበላ ሰው ጥርሱን ሲፍቅ የሚያሳየው ዓይነት። "የሚያድንህን ማስረጃ በገዛ እጅህ አጠፋህ? ይሄማ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ሌላ ክስ ነው። ምን ይታይበት እንደነበር አሁን ሁላችንም ገባን።"

ብድግ አልኩ። "እሱ አይደለም! እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እህቱ ነኝ።"

"እህቱ!" አለ ሰብሳቢው፤ አባላቱ ሳቁ። "ጥሩ ቤተሰብ ነው።"

ወረቀቴን ጸሐፊዋ ፊት አስቀመጥኩና ነገሩን ባጭሩ አስረዳሁ፤ ሶፍትዌሩን፣ ዲስኩን፣ ጽሑፉን የላከውን ሰውዬ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አነበበችው። ከዚያ የወረቀቱን የታችኛውን ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው።

"በመቀስ ተቆርጧል።"

"አዎ።"

"ጎዶሎ ወረቀት መዝገብ ውስጥ አላስገባም። ለሰውዬው መልስ ተሰጥቶት ከሆነ እሱንም አሳዪኝ።"

ምንም መልስ አልተሰጠውም ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰብሳቢው አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ የጋሼ ማጅራት ደግሞ ከፊቴ አለ፣ አዲስ የተላጨ፣ የተተኮሰ ኮሌታ ውስጥ ቀጥ ያለ። ስልኬን አውጥቼ ሙሉውን ከፈትኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

"ወንድም፣ ይህ ሶፍትዌር በሦስት ባለሙያዎች ተፈትኗል። ችግሩ ሳጥኑ ላይ ሳይሆን ሪሞቱን የያዘው እጅ ላይ ነው። ጠፋብኝ የሚሉትን ነገር መጀመሪያውኑም አልቀዱት ይሆናል። ሳጥኑን ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። ተዘግቷል።"

ከሥሩ መምህሩ ያስቀመጣቸው ሦስት የሚስቁ ፊቶች ነበሩ። እነሱንም ተናገርኩ፤ "ሦስት ሳቅ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። በረሮ ያለበት ሳጥን ስከፍት የሚሰማኝ ነገር ተሰማኝ፤ የተከፈተችው ግን እኔ ነበርኩ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች። "ስለዚህ ወንድምሽ ቤት ከመጫንሽ በፊት ታውቂ ነበር።"

"ተነግሮኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት።"

ጻፈችው። ስልኩንም ተቀብላ ቀኑን አየች፣ ለሰብሳቢው አሳየችው። ፈገግታው ቀረ።

ወደ ውጭ አስወጡን፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ኮሪደር ላይ ቆምን። ጋሼ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። መልሰው ጠርተውን ውሳኔውን ጸሐፊዋ አነበበች። ማስረጃ ማጥፋት የሚለው ነገር ቀርቷል። ፍጹም ቅጣት ምቱን በተመለከተ የዳኛውን ውሳኔ የሚያፈርስ ነገር ስላልቀረበ ሜዳ ላይ የወሰነው ይጸናል። ኮሚቴውን በመዋሸቱ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢው ሁለታችንንም ጨበጠን፤ እጁ ላብ ነበር፣ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት።

ደረጃው መሐል ላይ ደረስኩበት። "ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ። ፊሽካህ ተረፈ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቆመ። ሜዳ ላይ ተጫዋቾች ከብበው ሲጮሁበት እንኳን ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አሁንም አላደረገም።

"ሰኞ፣ ሻይ ይዤ ስመጣ፣ ወለሉ ላይ ስታለቅሺ፣ የሰውዬው ደብዳቤ ትዝ ብሎሽ ነበር?"

"ብሎኝ ነበር።"

"ማክሰኞ ስደውልልሽስ?"

"አዎ።"

"ትናንትስ? ማን አስቀድሞ ያውቃል ስልሽ?"

አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"የእኔን ነገር ትቼ አራት ቀን ሙሉ አንቺን ሳጽናና ከረምኩ" አለኝ። "አንቺም ቁጭ ብለሽ ተጽናናሽ።"